በጨፌው ውስጥ የተከልኳቸው ስድስት ችካሎች

ችካሎቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ስድስት ነበሩ፤ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የቆረጥኳቸው፣ ክንድ የሚያህሉ፣ ጫፋቸው ላይ ከአሮጌ ሹራቤ የተረተርኩት ቀይ ክር የታሰረባቸው። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው የሚያነበኝ ሰው እንደዚያ ቀን ሰዎች «ማን ተከላቸው?» እያለ እንዳይደክም ነው። ያን ቀን መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አጎቴ ደግሞ ምንም ሳያውቅ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሊምልበት ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሁለት ክረምት በፊት ነው። እናቴ ደባርቅ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ ታጥባለች፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬያት እውላለሁ። ክረምት ላይ እንግዳ የለም ማለት ይቻላል። ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል፤ ያጠብነው አንሶላ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ይሰነብታል፤ ተራራ የሚወጡት ፈረንጆች መስከረምን ይጠብቃሉ። በዚያ ዓመት ግን አንዲት ሴትዮ በሐምሌ መጨረሻ ብቻዋን መጣች። ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ፣ ቦት ጫማዋ ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ፣ አንገቷ ላይ መነጽር ያንጠለጠለች። ዕድሜዋ የአያቴን ያህል ስለሆነ አንቱ ልበላት ወይስ አንቺ ብዬ ተጨንቄ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁሉም አንድ መሆኑ ገላገለኝ። እዚህም «እሷ» እያልኩ ልጽፍ ነው፤ ንቀት አይደለም።

ተራራው ላይ ወዳለው ጨነቅ የሚወስደው መንገድ በናዳ ተዘግቶ ነበርና ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ዝናብ ታያለች። እኔ እንግሊዝኛ ልናገር ስል ልቤ ይመታል፤ ግን ዝም ማለትም አልችልበትም። አንሶላ እያሰጣሁ ሰላም አልኳት። በዚያው ጨዋታ ጀመርን። አገሯ ከባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ሜዳው ሁሉ ጭቃና ሣር ይሆናል አለችኝ፤ እዚያ ረግረግ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ ወፍ ስትቆጥር ነው ያደገችው። በየዓመቱ የበጋ ዕረፍቷን ይዛ ወደ ሌላ አገር ረግረግ ትሄዳለች። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት።

«ውሃና ረጅም ሣር አንድ ላይ ያለበት ቦታ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አውቃለሁ!» አልኩ፣ ሳላስብ።

እናቴ ከገንዳው ቀና አለች። «አንቺ ልጅ፣ ምንድነው የምትለፈልፊው?»

«ወፍ ማየት ትፈልጋለች፣ እማዬ።»

«ወፍ? ለወፍ ነው ባሕር አቋርጣ የመጣችው?»

«አዎ።»

«ምነው፣ እነሱ ዘንድ ወፍ አልቆ ነው?» አለችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሴትዮዋን በአዘኔታም በጥርጣሬም አየቻት። «በይ እንግዲህ ወደ አጎትሽ ውሰጃት። ግን አስፈቅደሽ!»

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። በጀርባው አዝሎ ስላሳደገኝ ጋሼ ብለውም አንተ ነው የምለው። የሚኖረው ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። እዚያ ሰፈር መሃል አንድ ሰፊ ጨፌ አለ። በጋ ላይ ከብት ይውልበታል፤ ክረምት ላይ ግን ውሃ ይተኛበትና ሣሩ መስቀል ሲደርስ ወገብ ያክላል። ከሰኔ ጀምሮ መስቀል እስኪያልፍ ጨፌው ይዘጋል። ከብት አይገባም፤ ማጭድ አይገባም፤ ሰውም አይረግጠውም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል፤ ከብቶቹን በደረቁ ወራት የሚያቆያቸው ያ ድርቆሽ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ጠባቂ ይመረጣል። እሱም በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ «እግር አላስገባም» ብሎ ይምላል። ጥርጣሬ ከተነሣ ደግሞ በማንኛውም ቀን ተጠርቶ «እግር አልገባም» ብሎ እንደገና መማል አለበት። አልምልም ያለ ከሰንበቴው ይወጣል። በሐሰት የማለማ ከዚያም ይብሳል፤ ከቤቱ ልጅ የሚያገባ፣ በቤቱ ውሃ የሚጠጣ አይገኝም። በዚያ ዓመት ጠባቂው አጎቴ ነበር።

ሄጄ ስጠይቀው ጺሙን እየፈተለ ሰማኝ። «እንግዳሽን እስከ ትልቁ ድንጋይ ድረስ አምጪያት፤ እሱ ከጨፌው ውጪ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ ግን አንድ እግር እንዳይዘልቅ። ምያለሁ።»

ሴትዮዋም በማግስቱ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ያንኑ አለችኝ። «ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው። ከዚህ በላይ አንጠጋም። የወፍ ሰው የመጀመሪያ ሕጉ ይህ ነው።» አንዱ ስለ ሣሩ፣ አንዷ ስለ ወፉ፣ ሳይተዋወቁ አንድ ቃል ተናገሩኝ። ሁለቱንም እሺ አልኩ።

ያ የመጀመሪያ ቀን! ሴትዮዋ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ስትተክልልኝ ዓይኔን አስጠጋሁበት፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ጨፌ ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀኝ። የእኛ ሰው «የውሃ ዶሮ» ብሎ የሚያልፋት ወፍ ዝይ ናት፤ ክንፏን ስትዘረጋ ትከሻዋ ላይ እንደ ጠዋት ሰማይ ያለ ሰማያዊ አለ። ይህች ዝይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም አትገኝም ስትለኝ እኔ የሰራኋት ያህል ኮራሁ። ጭራዋን ቀጥ አድርጋ እየሰበቀች ከሣር ሣር የምትሮጥ ቡናማ ወፍ አለች፤ እሷም የእኛው ናት። ሴትዮዋ ስድስት ጎጆ አገኘች፦ ሁለት የዝይ፣ ሁለት የዳክዬ፣ ሁለት የቡናማዋ። በደብተሯ ላይ ጨፌውን ሳለችና ስድስት መስቀለኛ ምልክት አደረገችበት። ወፎቹንም አንድ በአንድ በእርሳስ ሳለቻቸው።

ከዚያ ጉም ወረደ። ሁለት ቀን ሙሉ። የእኛን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የዘረጋኸው እጅህ ይጠፋብሃል። አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ይገለጣል፤ ግን ሴትዮዋ ቴሌስኮፑን ወዲያ ወዲህ አዙራ ጎጆውን ሳታገኝ መልሶ ይዘጋል። ሣር ሁሉ አንድ ነው። የዝናብ ልብሷን ለብሳ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ትላለች፤ አትማረርም። ይህ ነበር የከበደኝ፣ አለመማረሯ። አንድ ቀን ብቻ ቀርቷት ነበር።

ያን ምሽት አጎቴ ቤት አደርኩ፤ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ዘዴ መጣልኝ። እናቴ የእኛን ዶሮዎች ከጎረቤት ለመለየት እግራቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች። እንግዲያው በየጎጆው አጠገብ ቀይ ምልክት ቢኖር? ጉሙ ለአፍታ ሲገለጥ ሴትዮዋ ቀዩን አይታ ቴሌስኮፑን ወዲያው ታዞራለች! በብልሃቴ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። አንድም ጊዜ «ሌላ ሰው ሲያየው ምን ይመስለዋል?» ብዬ አላሰብኩም። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ለእኔ እንጨት እንጨት ነው።

ጎህ ሲቀድ ስድስቱን እንጨት በክንዴ አቅፌ ወጣሁ። ከሠፈሩ በማይታየው በታችኛው በኩል ገባሁ። ኮንጎ ጫማዬ ውሃ ሞልቶ ይንቦጫረቃል፤ በየእርምጃው አጎቴ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ከየጎጆው አራት አምስት እርምጃ ርቄ ተከልኩ። የመጨረሻው ላይ ግን፣ የትልቋ ዝይ ላይ፣ ጉሙ አሳስቶኝ ልረግጣት ደረስኩ። አልተነሣችም። አንገቷን አስግጋ አየችኝ። እንጨቱን እዚያው አጠገቧ በጥድፊያ ሰክቼ ሮጥኩ።

አጎቴ በር ላይ ቆሞ አገኘኝ። «ቀሚስሽ ምን ሆነ?»

«ጤዛ ነው፣ ጋሼ።»

«ጤዛው ወገብ ድረስ ነው እንዴ ዛሬ?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቁ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሴትዮዋን ከዋናው መንገድ ተቀብዬ ድንጋዩ ጋ አደረስኳት። አራት ሰዓት ገደማ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተነሣ። ስድስት ቀይ ነጥብ በአረንጓዴው ላይ ወጣ። ሲያምር! ምስጋናዬን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ከቴሌስኮፑ ቀና አላለችም። ከዚያ እንዲገባኝ ቃል በቃል እየለየች፣ «አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ!»

«ገብተሽ?»

«አዎ…»

አልጮኸችም። «ወፏ ፈርታ እንቁላሏን ብትተው ጥፋቱ የእኛ ነው። የአንቺ ብቻ አይደለም። ወደዚህ ያመጣሁሽ እኔ ነኝ» አለች። ያመጣኋት እኔ ሆኜ ሳለ እንዲህ ማለቷ ከጩኸት ባሰብኝ። ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጡሩምባ ተነፋ።

ጡሩምባ በዚያ ሰዓት ለሞት ነው የሚነፋው። ማን ሞተ ብዬ ዞር ስል ሃያ የሚሆኑ ወንዶች ዱላቸውን ይዘው በጨፌው ዳር ሲመጡ አየሁ። ፍልሰታ ገብቷል፤ ሁሉም ባዶ ሆዱን ነው፤ የሁሉም ፊት ጠቁሯል። ከፊት የሚመጣው ቡኒ ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ነው። ቴሌስኮፑን ሲያይ ቆሞ በዱላው አመለከተ።

«ይኸው! ባለ ሦስት እግሩ! አላልኳችሁም?»

«እሱው ነው! ቁርጥ እሱ!» አለ ሌላው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በቀደመው ዓመት ወደ ካፖርታሙ ሰውዬ አማቾች ሰፈር እንግዳ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ማን እንደላካቸው እስካሁን የሚያውቅ የለም። ባለ ሦስት እግር መለኪያ ተከሉ፤ በዚያ እያዩ ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል በግጦሹ ላይ ቸከሉ። ዓመት ሳይሞላ ግጦሹ በሽቦ ታጠረ። ከብቶቹም ተሸጡ፤ ሰዎቹም ተበተኑ። እኔ ደግሞ ጨፌው መሃል ስድስት ቀይ ችካል አቁሜ፣ ዳር ላይ ባለ ሦስት እግር መነጽርና ፈረንጅ አስቀምጫለሁ። ሆን ብዬ ላስፈራራቸው ብል ከዚህ የተሻለ አላደርገውም ነበር።

«ምን ይላሉ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ስለ ሣር ነው የሚያወሩት» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ሁላችንንም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወሰዱን፤ ከድንጋዩ ብዙ አይርቅም፤ ጨፌው ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። ቴሌስኮፑን ካፖርታሙ ሰውዬ ራሱ እንደ ሬሳ ተሸክሞ አመጣው። አጎቴ ከእርሻው በጥሪ መጥቶ፣ እጁ ጭቃ እንደሆነ፣ መሃል ቆሟል። የደብሩ ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ለማን ነው አሳልፈህ የሰጠኸው?» አለ ካፖርታሙ።

«ምኑን?»

«ጨፌውን ነዋ! ሌላ ምን ልልህ ነው? ፈረንጇን ያመጣት ያንተ ዘመድ፤ ጠባቂው አንተ፤ ችካሉ ጨፌው ውስጥ! ጅብ ነው የቸከለው?»

«እኔ ችካል አላየሁም። ወፍ ነው የሚያዩት።»

«ወፍ!» ሰዎቹ ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «እነዚያም ድንጋይ ነው የምናየው ብለው ነበር» አለ አንዱ ከኋላ።

ሴትዮዋ እጄን ያዘች። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ መሬት ልትወስዱ መጣችሁ እያሉ ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «አሳያቸዋለሁ!» አለችና ወፎቹን ልታሳያቸው ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ገጹ ሲገለጥ ግን የወጣው የወፍ ሥዕል አልነበረም።

«ኖ ቡክ! ፕሊዝ፣ ኖ ቡክ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዘገየሁ።

«ካርታ!» አለ ካፖርታሙ፣ ድምፁ እየተሰበረ። «ቄሰ ገበዝ ይመልከቱ! ጨፌያችን ነው፤ ይኸው ጅረቱ፣ ይኸው ድንጋዩ፣ ስድስቱም ችካል ተስሏል!»

ቄሰ ገበዙ ደብተሩን ተቀበሉ። አንድ ገጽ ገለጡ፤ ዝይዋ ነበረች። ሌላ ገለጡ፤ ቡናማዋ። ረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ዘግተው ብብታቸው ሥር አደረጉት። «ይህ እኔ ዘንድ ይቆይ» አሉ። ወደ አጎቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ነገሩ በወሬ አይፈታም። ጠባቂ ነህ። ማል።»

«እምላለሁ፣ አባቴ» አለ አጎቴ። አላመነታም። ለምን ያመነታል? እሱ የሚያውቀው እግር አለመግባቱን ነው።

ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሸረጠ። ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጫማውን አወለቀ፤ ወደ በሩ ሄደ። ቀኝ እጁን በሩ ላይ አሳረፈ።

እዚያ ቦታ ላይ ልጃገረድ አትናገርም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ግን ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ቆመው ከሚያዩት ሴቶች አንዷም አፏን እንዳልከፈተች አይ ነበር። ከተናገርኩ የከተማ ባለጌ እሆናለሁ፤ እናቴም በእኔ ትሰደባለች። ዝም ካልኩ ደግሞ አጎቴ የእግዚአብሔርን በር ይዞ በሐሰት ይምላል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እስክሞትም እኔ ብቻ አውቀዋለሁ።

«ወደዚህ ጨፌ…» ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እንዳትምል!»

ድምፄ እንደዚያ የሚጮህ አይመስለኝም ነበር። አጎቴ እጁን ከበሩ ሳያነሣ ዞረ።

«እኔ ነኝ የገባሁት። ዛሬ ጎህ ሲቀድ። ጤዛ አልነበረም። ችካሎቹን የተከልኳቸው እኔ ነኝ። ለወፎቹ ምልክት ብዬ ነው። እሷም አላወቀችም፤ አንተም አላወቅህም።»

አጎቴ እጁን ከበሩ አነሣ። ያን ፊቱን አልገልጸውም።

«አስጠንቷት ነው!» አለ ካፖርታሙ። «አጎቷን ልታድን ነው! ይህቺ ቀጫጫ ናት በጨለማ ውሃ ውስጥ ገብታ ችካል የምትቸክል?»

«ቀጫጫ ብሆንም ተክያለሁ!» አልኩ፤ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

«እስቲ ምላሷን እዩልኝ!»

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሁሉም ዝም አለ። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽን ወደዚያ ጽድ አዙሪ። ጨፌውን እንዳታዪ። ስድስቱ የት የት እንዳሉ ንገሪኝ።»

ጽዱ ላይ ግንባሬን ደግፌ ቆጠርኩ። አንዱ ከጅረቱ መታጠፊያ ላይ፤ ሁለቱ ቁጥቋጦው ባለበት ከፍታ ግራና ቀኝ፤ አራተኛው ውሃው ከተኛበት ማዶ፤ አምስተኛው ከሱ በላይ፤ ስድስተኛው መሃል ላይ፣ ሣሩ ጎንበስ ካለበት። ከኋላዬ ሰዎቹ እያነጣጠሩ ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። «አለ… ይኸው አለ… እሱም አለ…» ስድስተኛው ላይ ድምፅ ጠፋ።

«ስድስተኛው የለም» አለ አንዱ።

ዞርኩ። እውነትም አምስት ቀይ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። ጠዋት ከድንጋዩ ስናይ ስድስት ነበሩ፤ በዓይኔ ቆጥሬያለሁ።

«አላልኩም?» አለ ካፖርታሙ። «ያልተከለችውን እንዴት ታውቃለች!»

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ። «የተከልሽው ከሆንሽ አንቺው ንቀይው። ስድስቱንም እዚህ አምጪልኝ። አንድ ቢጎድል ነገሩ ሌላ ነው።»

«ስትነቅል ሌላ ቦታ ብትሰካስ? ከዚህ ማን ያያታል?» አለ ካፖርታሙ።

«ባለ ሦስት እግሩ አለ አይደል እንዴ? አንተው በሱ እያት» አሉት።

ሴትዮዋን አስረዳኋት። ወደ ወፎቹ መልሼ ልገባ መሆኑን ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቴሌስኮፑን ለካፖርታሙ ሰውዬ ቁመት ከፍ አደረገችለትና፣ «ቀስ በይ። ወፏን ፊት ለፊት አትያት» አለችኝ።

ገባሁ። ካፊያው ወደ ዝናብ ተለውጧል። አንደኛውን ነቀልኩ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ቡናማዋ ከእግሬ ሥር ሮጠች፤ ልቤም አብራት ሮጠ። አራተኛው፣ አምስተኛው። ዞር ስል አጎቴ በሩ አጠገብ ጋቢውን እንዳሸረጠ ቆሟል። መሐላውን ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ልብሱን መልሶ አይለብስም። ዝናቡ ትከሻው ላይ ይወርዳል።

መሃል ላይ ሣሩ ጎንበስ ያለበት ደረስኩ። ዝይዋ አለች። ችካሉ ግን የለም። በእግሬ ውሃውን ዳበስኩ፤ በእጄ ጭቃውን ፈተሽኩ፤ ምንም። ወስዶት ይሆን ንፋሱ? ንፋስ ግን አልነበረም። ከሩቅ «ስድስተኛውስ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። በጉም የተከልኩትን ቦታ ተሳስቼ ይሆን? አይደለም፤ ይህቺው ናት፤ ይኸው አንገቷን እንደ ጠዋቱ አስግጋለች። በቀስታ ቁጭ አልኩ። ያኔ ቀይ ክር አየሁ። ከሆዷ ሥር።

ዝይ እንቁላል ላይ ሆና አጠገቧ ያገኘችውን ሣርና ጭራሮ ሁሉ በምንቃሯ እየጎተተች ጎጆዋን ታሳድጋለች። ይህን በኋላ ነው ሴትዮዋ የነገረችኝ። በጥድፊያ የሰካሁት እንጨት ወድቆ ነበርና እሱንም ጎትታ ከጎጆዋ ጠርዝ አድርጋዋለች፤ ደረቷን አሳርፋበታለች።

ብነካት ትነሣለች። ከተነሣች ላትመለስ ትችላለች። ብተወው ደግሞ አጎቴ።

እጄን በሣሩ ሥር እንደ እባብ አስገባሁ። እንደ እባብ ያፏጨችው ግን እሷ ናት። ክሩን ነካሁ፤ ያዝኩ፤ ስስብ አንገቷን ወርውራ የእጄን አንጓ ነከሰችኝ። የዝይ ንክሻ ቀልድ አይደለም። ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ። ክንፏን ዘርግታ ክንዴን በጥፊ አለችው፤ ያ ሰማያዊው ዓይኔ ላይ ሞላ። እንዳልጮህ ፈራሁ፤ አልጮህኩም። የጮኸው ሌላ ሰው ነበር።

«ኧረ ነከሰቻት!» የካፖርታሙ ሰውዬ ድምፅ ጨፌውን አቋርጦ መጣ። «ኧረ በክንፏ ጠፈጠፈቻት! ወይኔ ልጄን! ተነሺ አንቺ… አትነሺ፣ አትነሺ! እንቁላል አለ! አራት ነው… አምስት! ያዘችው! ቀዩን ያዘችው፣ ቄሰ ገበዝ! ከወፏ ሥር አወጣችው!»

ችካሉ እጄ ላይ ነው። ቁጭ ብዬ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላዬ ተንፏቀቅኩ፤ አምስት እርምጃ፣ አሥር እርምጃ። ዝይዋ ላባዋን አራገፈች። የተነሣች መሰለኝ። አልተነሣችም። እንቁላሎቹን በምንቃሯ አገላብጣ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ጀርባዋንም ሰጠችኝ።

ስመለስ ካፖርታሙ ሰውዬ ገና ዓይኑን ከመነጽሩ አላነሣም። ሴትዮዋ ትከሻውን ነካ አድርጋ ተራዋን ብትጠይቀው «ቆይ እስቲ፣ እመቤት፣ አንድ ጊዜ» አላት፤ እሷም የገባት ይመስል እሺ አለችው።

ስድስቱን ችካል ቄሰ ገበዙ እግር ሥር አስቀመጥኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው። ደብተሩን ለሴትዮዋ በሁለት እጃቸው መለሱላት። ወደ እኔ ዞረው፣ «ለወፍ ማዘንሽ መልካም ነው። ነገር ግን የተዘጋ ጨፌ ረግጠሻል። እስከ መስቀል ወደዚህ ጨፌ ዳር ድርሽ እንዳትዪ» አሉ።

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አላያቸውም ማለት ነው። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

«አንተስ?» አሉት አጎቴን። «አሁን የምታውቀውን ማል።»

አጎቴ እጁን በሩ ላይ መልሶ አሳረፈ። እኔን አላየኝም። ዝናቡ ከጺሙ ይንጠባጠባል።

«ወደዚህ ጨፌ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ከእህቴ ልጅ እግር በቀር፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ የገባ እግር የለም።»

ከሴቶቹ አንዷን ሳቅ አመለጣት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ እውነት ሆኜ በሰው አፍ ተጠርቼ አላውቅም።

ካፖርታሙ ሰውዬ ከመነጽሩ ቀና አለ። «እጇንም ጨምርበት እንጂ! እጇም እስከ ክርኗ ገብቷል። ይህን እኔ ራሴ እምላለሁ።»

ቄሰ ገበዙ አፋቸውን በመስቀላቸው ሸፈን አደረጉ። «ጨምር» አሉ።

«እጇም» አለ አጎቴ። ከዚያ ጋቢውን ከወገቡ ፈትቶ ትከሻው ላይ መለሰ።